‹‹ሰፈሩ ለልጆቹ››፦ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያሠራነው የመታሰቢያ ሜዳሊያ

እድራችን ከግዳጅ ለተመለሱ አሥራ አንድ የሰፈር ልጆች የመታሰቢያ ሜዳሊያ እንዲሰጥ ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን ማሠራቱ የጸሐፊው ድርሻ ሆነ፤ ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ። በመሀል አዲስ አበባ ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጡና የሚሠሩ ቤቶችን ስዞር ከርሜ በመጨረሻ ሥራውን የሰጠነው፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወረድ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለሚገኝ ጠባብ የቅርጻ ቅርጽ ቤት ነው። በሩ ላይ ‹‹ማህተም፣ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ ይሠራል›› ከሚል ወረቀት በቀር ስም አልተጻፈበትም። የሠራልንን ሥራ ከነጉድለቱ የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው እድሮችና የሰፈር ማኅበራት ከመክፈላቸው በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው።

እድራችን የዶሮ ማነቂያ እድር ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከተነሡት የፒያሳ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ ነዋሪው ከፊሉ ገላን ጉራ፣ ከፊሉ በየኮንዶሚኒየሙ፣ ከፊሉም ዘመድ ዘንድ ገብቷል። እድሩ ግን እንዳለ ነው፤ መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፣ የጥሩምባ ነፊውን ሥራ ስልክ ቢተካውም ለቅሶ ይደረሳል፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ በአንድ አባል ግቢ ተቀምጧል። ልጆቹ ወደ ግዳጅ የሄዱት ሰፈሩ በቆመበት ጊዜ ነበር። አንዳንዶቹ ከአገር ውጭ ሰላም ሲያስከብሩ ቆይተው፣ ሌሎቹ አገር ውስጥ አገልግለው በተለያየ ጊዜ ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት ሌላ ቦታ ሆኖ ጠበቃቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቤታቸው መፍረሱን በስልክ ተነግሮት እያወቀ፣ ሻንጣውን እንደያዘ በቀጥታ ፒያሳ መጥቶ፣ ግቢያቸው በነበረበት ቦታ ጥቂት ቆሞ ነው ወደ ገላን ጉራ ያመራው። ይህን በስብሰባ ላይ የነገሩን እናቱ ናቸው፤ የሜዳሊያው ሐሳብም የተነሣው በዚያው ዕለት ነው። ‹‹ሰፈሩ ሳይቀበለን ቀረ እንዳይሉ›› ያሉት የእድሩ ዳኛ ነበሩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ስታዲየም ዙሪያ ወዳሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ነው። እዚያ የሚገኘው ዝግጁ ሜዳሊያ ሰፊ ሆኖ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ፊቱ ላይ ሯጭ ወይም የዘንባባ ዝንጣፊ ያለበት፣ መሀሉ ደግሞ የታተመ ወረቀት እንዲለጠፍበት ክብ ባዶ ቦታ የተተወለት ነው። ለትምህርት ቤት ውድድር የሚያንሰው ነገር የለም፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ በዕለቱም ይዞ መሄድ ይቻላል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ይህ ይበቃል ስላሉ አንድ ናሙና ገዝቼ ለአንድ ሳምንት ከቁልፎቼ ጋር ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። ወርቃማው ቅብ ከጠርዙ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ግራጫ የዚንክ ቅይጥ ታየ፤ የተለጠፈው ወረቀትም ጫፉ ተነሣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ብዙ ክርክር አላስፈለገም። ከጥራቱም በላይ የታየን ነገር ቅርጹ ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠል ሜዳሊያ ውድድር ያሸነፈ ሰው የሚያጠልቀው ነው፣ ለአገልግሎት የሚሰጥ ግን በግራ ደረት ላይ የሚሰካ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ በድል ሐውልቱ ዙሪያ አርበኞችን ያየ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም።

መንግሥት የሚሰጠው ኒሻንና ሜዳሊያ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የሰፈር ሰው የሚሰጠው ከዚያ ጋር ሊወዳደር አይገባም፣ ሊመስለውም አይገባም። በኛ አገር ዘማች ሲመለስ ሰፈሩ የሚቀበለው በእልልታ፣ በሽለላና በፉከራ፣ ድግስ በመደገስም ነበር፤ በእጅ የሚያዝ ነገር መስጠት የቤተ መንግሥት እንጂ የጎረቤት ወግ አልነበረም። በሌላው ዓለም ግን የጎረቤት ሜዳሊያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከተካሄደው የቦር ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን የብሪታንያ ከተሞችና መንደሮች ከነዋሪው ባዋጡት ገንዘብ ሜዳሊያ እያሠሩ ተቀብለዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ብዙ ከተሞችና ካውንቲዎች፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድም ትንንሽ ወረዳዎች ይህንኑ አድርገዋል፤ በአሜሪካ እነዚህን ከሠሩት ድርጅቶች አንዱ በኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ ነው። በእነዚህ ሜዳሊያዎች ላይ ጎልቶ የሚነበበው የሰጪው ከተማ ወይም መንደር ስም ነው። የመንግሥት ሜዳሊያ ወታደሩ የት እንደዘመተ ይናገራል፤ የመንደር ሜዳሊያ የሚናገረው ወታደሩ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ምን እንደምንፈልግ ለባለሙያ ማስረዳት የቻልኩት፤ ስታዲየም በሄድኩበት ጊዜ ይህ አልገባኝም ነበር።

የቸርችል ጎዳናው ቤት ባለሙያ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሰው የሚጠራቸው ‹‹ጋሼ›› እያለ ነው። አብሯቸው የሚሠራው ወጣት የኮምፒውተሩን ሥራ ይይዛል። ሌሎች ቤቶች ውስጥ የገጠመኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ስንት ፍሬ?›› የሚል ነበር። እኚህ ሰው ግን ሥራቸውን አቁመው ‹‹ሰጪው ማነው?›› ሲሉ ጠየቁኝ። እድር መሆኑን ስነግራቸው፣ ሥዕሉ ላይ የመንግሥት ዓርማ ወይም የሠራዊት ምልክት የሚመስል ነገር እንዳናስገባ መከሩኝ፤ የእድር ስጦታ የመንግሥት ሽልማት መስሎ ሲታይ ተቀባዩን ልጅ ያሳፍረዋል፣ ጓደኞቹም ከየት አመጣኸው ይሉታል አሉ። ይህ ምክር በኮሚቴው ውስጥ ጠመንጃና ኮከብ ይቀረጽ የሚለውን ሐሳብ ዘጋልን።

በምትኩ ፊቱ ላይ የተቀረጸው የእንጨት ሰገነት ያለው የድሮ የፒያሳ ቤት ነው፤ ከሥሩም ‹‹ዶሮ ማነቂያ›› ተጽፏል። ስሙ ላይ ሳንከራከር አልቀረንም። አንዳንድ አባላት እንዲህ ያለ ስም ለሜዳሊያ አይመጥንም፣ ‹‹አራዳ›› ይበቃል አሉ፤ ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። ክርክሩን የቋጩት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ ካምፕ ውስጥ ከየት ነህ ተብለው ሲጠየቁ ዶሮ ማነቂያ ብለው ሲመልሱ እንደኖሩ፣ ሌላ ስም ከተጻፈበት የሌላ ሰፈር ሜዳሊያ እንደሚሆንባቸው ነገሩን። ለቀራጩም ስሙ ተመችቷቸዋል፤ ስድስት ፊደል ብቻ ስለሆነ በትልቁ ይቀመጣል።

ስለ አሠራሩ በደንብ መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አሠሪው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ያቀረቡልን ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ከጠንካራ ብረት ሞልድ ተቆርጦ የናሱ ክብ በፕሬስ የሚመታበት ነው፤ መስመሩ እጅግ ጥርት ያለ ይሆናል፣ ግን ሞልዱን ማስቆረጥ ብቻውን ከፍተኛ ወጪ ስላለው በመቶ ለሚቆጠር ብዛት እንጂ ለአሥራ ጥቂት ፍሬ አያዋጣም። ሁለተኛው የፒያሳ አንጥረኞች ለቀለበትና ለመስቀል የሚጠቀሙበት የሰም ሥራ ነው። መጀመሪያ አንድ ዋና ቅርጽ ይሠራል፣ በጎማ ሞልድ ይወሰድና በዚያ ውስጥ ሰም እየፈሰሰ የሚፈለገው ያህል ቅጂ ይወጣል፤ ሰሙ በጀሶ መሰል ነገር ይሸፈንና በእሳት ሲቀልጥ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ናስ ይገባበታል። የቅኔው ‹‹ሰምና ወርቅ›› ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ መሆኑን ሁላችን በትምህርት ቤት ሰምተናል፤ እኔ ግን ሰሙ ሲሄድ ብረቱ ቦታውን ሲይዝ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ሲያረጅ ይጠቁራል እንጂ ልጡ አይላጥም፣ በተወለወለ ቁጥርም ያው ቀለሙ ይመለሳል። ቅብ የሌለበት ናስ እንዲሆን የመከሩን ጋሼ ናቸው፤ ትክክል ነበሩ።

ይሁን እንጂ የሰም ሥራ ለፊደላችን አስቸጋሪ ነው። የግእዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ከ‹‹ቸ›› እስከ ‹‹ቹ›› ያለው ልዩነት ከጎን የወጣች አንዲት አጭር መስመር ናት፤ ‹‹ለ›› እና ‹‹ሉ››ም እንዲሁ። ናሱ ሲቀዘቅዝ በመጠኑ ይኰማተራል፤ ከዚያ በኋላ በማለስለሻ ሲታሽ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚሄዱት እነዚህ ትንንሽ ቅጥያዎች ናቸው። በጀርባው ላይ ያስጻፍነው ‹‹ሰፈሩ ለልጆቹ›› የሚል ነበር። የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ የ‹‹ቹ›› ቅጥያ ጠፍታ ‹‹ሰፈሩ ለልጆቸ›› ሆኖ ይነበባል። ናሙናውን ለኮሚቴው ሳሳይ ጎጃም ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት ‹‹ተዉት ልጄ፣ ልጆቼ ማለት ነው፤ ምን ክፉ አለው?›› አሉኝ። በእሳቸው አገር አማርኛ በእርግጥም ‹‹ልጆቸ›› ማለት ‹‹ልጆቼ›› ነው፤ ንግግራቸው ልቤን ነክቶት ለአፍታ ያህል እንዳለ ልንተወው አስቤ ነበር። ሆኖም የታሰበው ጽሑፍ ሌላ ስለሆነ መለስነው። ጋሼ ሳይከራከሩ ተቀበሉ፤ ጽሑፉን ወደ ሁለት መስመር ከፍለው የፊደሉን ቁመት ጨመሩ፣ ቅጥያዎቹንም ዋናው ቅርጽ ላይ ከሚገባው በላይ አስረዘሟቸው፤ ታሽተው ሲያልቁ ልክ እንዲሆኑ። ለተጨማሪው ሥራ ገንዘብ አልጠየቁም። አሠሪ ሁሉ አንድ የተጠናቀቀ ናሙና በእጁ ይዞ ሳያነብ ቀሪውን እንዲያፈስሱ መፍቀድ የለበትም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳዩት ሥዕል ማስተማመኛ አይሆንም፣ እዚያ ላይ ቅጥያዋ ነበረች።

ናሙናውን በምንጠብቅበት ጊዜ አንድ የእድሩ አባል የአባታቸውን የኮርያ ሜዳሊያ ይዘው መጡ። አባታቸው በቃኘው ሻለቃ ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለኮርያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳሊያ ለየአገሩ ወታደር በየቋንቋው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአማርኛ ቅጂም ነበረው፤ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር ካለው ሪባን ሥር የአገሩ ስም በእኛ ፊደል ተጽፎ ይታያል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በፊት አይተውት እንደማያውቁ፣ ፊደሉን የቀረጸው ሰው ግን አማርኛ የሚያነብ እንዳልሆነ ከመስመሩ እንደሚያስታውቅ ነገሩን፤ እንዲያም ሆኖ ሰባ ዓመት አልፎት ይነበባል አሉ። የራሳችንን ሥራ ስፋት ከዚያው ሜዳሊያ ጋር እንዲቀራረብ ያደረጉት በዚያ ዕለት ነው፤ 38 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ሆነ። ደረት ላይ ሲሰካ ኮቱን አይጎትትም፣ ከሩቅም ይታያል።

ሥራቸውን ከሌሎቹ ሁሉ ያስበለጠብኝ ግን የስሙ ጉዳይ ነው። የአሥራ አንዱን ልጆች ስም በስልክ መልእክት ልኬላቸው ነበር፤ ከዚያ ላይ አልቀርጽም አሉ። የእድሩን መዝገብ ባመጣላቸው ያንንም አልተቀበሉም። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ራሱ በእጁ በወረቀት ጽፎ እንዲመጣ ጠየቁ። መጀመሪያ ማጓተት መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ግን ከአሥራ አንዱ በአራቱ ላይ ልዩነት ተገኘ፤ መዝገባችን ‹‹ሀይሉ›› ያለውን ባለቤቱ ‹‹ኃይሉ›› ብሎ ይጽፈዋል፣ እኔ ‹‹ስዩም›› ብዬ የላክሁት ‹‹ሥዩም›› ነው፣ የአንዱ የአባት ስም በ‹‹ዓ›› ነበር የሚጀምረው። ለሚያነበው ሰው ድምፁ አንድ ነው፤ ለባለስሙ ግን አንድ አይደለም። እናቱ ክርስትና ሲያስነሡት፣ የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩት የተጻፈለት ስም አለው፤ ወታደር ሆኖ ባሳለፋቸው ዓመታት የስም ዝርዝር በሚጽፉ ሰዎች እጅ ሲቀያየር የኖረውም ይኸው ስም ነው። ከልጆቹ አንዱ ‹‹በትክክል የተጻፈልኝ የመጀመሪያዬ ነው›› ሲለኝ ጋሼ ለምን እንደጠየቁ ገባኝ። ስሞቹን የቀረጹት በእጃቸው፣ በመቅረጫ ብረት፣ ከጀርባው በታችኛው ግማሽ ላይ ነው፤ በኮምፒውተር ቢሆን ፈጣንና እኩል ይሆን ነበር፣ የእጁ ግን ጥልቀት አለው፣ ሲወለወልም አይጠፋም።

ማዕረግ ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ላይም ጠየቁን። ከልጆቹ አንዱ መኮንን ሲሆን የቀሩት ወታደርና አሥር አለቃ ናቸው። ብሪታንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሞቱት ወታደሮች ቤተሰቦች የሰጠችው የነሐስ ክብ ሰሌዳ ላይ፣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተሠርቶ ሳለ፣ የማንም ማዕረግ አልተጻፈም፤ ስም ብቻ ነው ያለው። ይህን ለኮሚቴው ሳነሣ መኮንኑ ራሱ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ማዕረግ ቀረ። ከሞቱት ሰሌዳ ጋር ተያይዞም በስብሰባው ማንም ሊያነሣው ያልደፈረው ነገር ተነሣ፤ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ አልተመለሰም። የእሱም ሜዳሊያ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መጠን፣ በአንድ ጽሑፍ፣ ምንም ልዩ ምልክት ሳይጨመርበት እንዲሠራ እናቱ ጠየቁ፤ ስሙንም በወረቀት የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ሪባኑ የተለየ ሥራ ሆነ። ቤቱ ያለው ከውጭ የሚመጣ አብረቅራቂ ሪባን ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ጥለት ፈለግን። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔ በነጭ ጥጥ ላይ ጠባብ ጥለት ሠሩልን፤ ውበቱን ያየ ሁሉ ወደደው። ችግሩ ጥጡ ወፍራም በመሆኑ በሜዳሊያው ቀለበት ውስጥ አላልፍ አለ። ጋሼ ቀለበቶቹን በሙሉ ፈትተው ሰፋ ባሉ ተኩልን፤ ጫፉ እንዳይተረተርም በእጅ አሰፉልን። ጥለት የሚፈልግ ሰው ሸማኔውንና ቀራጩን ቀድሞ ቢያነጋግር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

የቤቱን ጉድለት ሳልሸሽግ ልንገር። በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው ያለቀው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ምድጃው ይቆማል፣ ይህ ይገባኛል፣ ነገር ግን መዘግየቱን የሚነግረን ስልክ የምንደውለው እኛ ነበርን። ደረሰኝ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የእድር ገንዘብ የብዙ ሰው መዋጮ ስለሆነ ያለ ደረሰኝ ለአባላት ማስረዳት አይቻልም፤ ይህን ቀብድ ስንከፍል ጀምሮ ተናግሬ ሳለ በቀላሉ አለመሰጠቱ አሳዝኖኛል። ከሁሉ የባሰው ግን የመሰኪያው መርፌ ነው። ሜዳሊያው ከናስ ተሠርቶ ሲከብድ መርፌዎቹ ግን ቀጫጭን ነበሩ፤ በስጦታው ዕለት የሦስት ልጆች ሜዳሊያ ከኮታቸው ተለቆ ወደቀ፣ አንዱም ሲሚንቶው ላይ። ናሱ አልተጎዳም፣ ያየን ሰዎች ግን ደነገጥን። በማግስቱ ወስጄ ሳሳያቸው ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሁሉንም አስመልሰው ያለ ክፍያ ወፍራም መርፌ ከነመቆለፊያው አደረጉላቸው። አሁን ጽኑ ነው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ዕለት አይደገምምና፣ ከመረከባችን በፊት አንዱን ኮት ላይ ሰክተን መሞከር ነበረብን።

ዋጋው ለአንዱ ሜዳሊያ፣ ውስጡ በቀይ ከፋይ ከተለበጠ የእንጨት ሳጥን ጋር፣ 1,900 ብር ነበር፤ ግማሹ በቅድሚያ ተከፍሏል። የሸማኔው ሒሳብ ለብቻው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ለአሥራ አራት ፍሬ 26,600 ብር ከፍለናል፤ ለእድር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ሁለት አባላትም ለለቅሶ በተጠራቀመ ገንዘብ ሜዳሊያ አይሠራም ብለው ተቃውመው ነበር፤ ስለዚህ ከመዋጮው ሳንነካ በልዩ ልመና ሰበሰብነው። ካየኋቸው ቤቶች ውስጥ በናስ ሠርቶ፣ በእጅ ቀርጾ፣ ስም ጠይቆ የሚሠራ ሌላ አላገኘሁም። ጊዜ ላለው፣ ከሃያ ፍሬ በታች ለሚያሠራ፣ ስሕተት ሲገኝ መልሶ ለማስተካከል ለሚታገሥ ማኅበር ይህን ቤት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶ ፍሬ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ሜዳሊያዎቹ የተሰጡት ሚያዝያ ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ነው። ከገላን ጉራ፣ ከየኮንዶሚኒየሙ ሰው መጣ፤ ድንኳናችን ባይተከልም ወንበራችን ነበር። የሰካንላቸው እኛ የኮሚቴ አባላት አይደለንም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በልጅነቱ አጠገቡ የነበረው ጎረቤት ተጠርቶ ሰካለት። ያልተመለሰውን ልጅ ሜዳሊያ እናቱ ከሳጥኑ አውጥተው ጀርባውን ገልብጠው ስሙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት።

አሥራ አራት ያልኩት አሥራ አንዱ ለተመለሱት፣ አንዱ ላልተመለሰው ልጅ እናት፣ ሁለቱ ደግሞ ገና ግዳጅ ላይ ላሉ ልጆች ስለሆነ ነው። የሁለቱን ጋሼ ከሌሎቹ ጋር አብረው አፍስሰው ሰጥተውናል፤ ፊቱ ቤቱና የሰፈሩ ስም አለበት፣ ጀርባው ላይ ‹‹ሰፈሩ ለልጆቹ›› ተጽፏል፣ የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነው። ስማቸውን ከወረቀታቸው ላይ ካልሆነ አልቀርጽም ስላሉ፣ ልጆቹ መጥተው በእጃቸው እስኪጽፉ ድረስ ከእድሩ መዝገብ ጋር በእኔ ዘንድ ተቀምጠዋል።